ረዚን ቀጠሮ ያከብራል

በዚህ ከተማ ቀጠሮ የሚያከብር ነገር ካለ ረዚን ነው። ሰው «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ» እያለ ገና ካልሲውን ይፈልጋል። መብራት በነገሩህ ሰዓት አይመጣም፤ ባልነገሩህ ሰዓት ይሄዳል። የስድስት ሰዓት ሠርግ ምሳው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀርባል። ረዚን ግን ሃርድነሩ ጠብ ካለበት ደቂቃ ጀምሮ ለማንም ደንታ የለውም። እንግዳ መጣ፣ ስልክ ጮኸ፣ የእድር ጥሩንባ ተነፋ ብሎ አይጠብቅም። በሃያ ደቂቃ እደርቃለሁ ካለ በሃያ ደቂቃ ይደርቃል፤ ብሩሽህን ውስጡ ትተህ ከሄድክ ከነብሩሽህ።

ከዚህ ቀጠሮ አክባሪ ጋር ያስተዋወቀኝ የቮልሴ የቀኝ የኋላ ፓራፋንጎ ነው።

ቮልስ ያለው ሰው መኪና አለው አይባልም፤ የሚጦራት ዘመድ አለችው ነው የሚባለው። መንገድ ላይ የማያውቅህ ሰው አስቁሞህ «እንዲህ ዓይነቷ እኮ አባቴ ነበረችው» ይልሃል፤ መብራት ላይ የቆመው ባለታክሲ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ካርቡራተርህን እንዴት እንደምታስተካክል ይመክርሃል። የአገሪቱ ታሪክም ውስጥ ገብታለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ሲያወጣቸው ያን ሁሉ የቤተ መንግሥት መኪና ትቶ ያሳፈራቸው በቮልስ ነበር። እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ከፖለቲካው በፊት የሚያስጨንቀኝ የኋላ ወንበሩ ጥበት ነው። ከፊት ወንበር ጀርባ ሾልኮ መግባት ለወጣትም ፈተና ነው፤ እንኳን ለሰማንያ ሁለት ዓመት አዛውንት።

ፋብሪካው ይህችን መኪና በጠቅላላው 21,529,464 ጊዜ ሠርቷታል፤ የመጨረሻዋ የወጣችው ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከተማ ውስጥ በእ.ኤ.አ. 2003 ነው። ይህን ያህል ከተሠራ መለዋወጫው የትም የሚጠፋ አይመስልም። እስኪ ሶማሌ ተራ ሂድና «የቮልስ የቀኝ የኋላ ፓራፋንጎ፣ ያልዛገ» ብለህ ጠይቅ። ነጋዴው በመጀመሪያ ያዝንልሃል፤ ቀጥሎ ዋጋውን ይነግርሃል፤ ከዚያ ማዘን ያንተ ተራ ይሆናል። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ቀረጡን ካከበደ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ብረት ኩራት ተሰምቶታል። ያለው ሰው ያለችውን ይጠጋግናል፤ ጠጋኙም ይህን ያውቃል።

ላሜራ ሠሪው ፓራፋንጎውን ሲያየው አልተናገረም። ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አውጥቶ ከላይ ለጠፈው፤ ያዘ። ዝቅ አድርጎ ወደ ጎማው ጠርዝ አስጠጋው፤ ማግኔቱ መሬት ወደቀ። አነሳና ትንሽ ወደ ጎን ሞከረ፤ አሁንም ወደቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ ፓራፋንጎ አይደለም። ስቱኮ ነው» አለኝ። ካቻቢቴውን ስንጥቅ ውስጥ ከትቶ አንድ ቁራሽ ፈነቀለና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከውጭ ወደ ውስጥ፦ ክሬም ቀለም፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ስቱኮ፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ስቱኮ፣ መጨረሻ ላይ በጣት ሲነኩት የሚበን ዝገት። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤቶቿ እያንዳንዳቸው ለሚቀጥለው ሰው የተዉለትን ዕዳ በአንድ ቁራሽ አየሁት።

የእህቴ ልጅ አብሮኝ ነበር። ስልኩ ላይ የማያየው ነገር የለም። «ጋሼ፣ ለምን በፋይበር አንሠራውም? የግራው ደህና ነው። ከሱ ቅርፅ እናወጣለን» አለ። ላሜራ ሠሪው አሁንም በቃል አልመለሰም። ሁለቱን እጆቹን መዳፋቸውን ወደ መሬት አድርጎ ዘረጋና አንዱን በሌላው ላይ ደረበ፤ አውራ ጣቶቹ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ወጥተው ቀሩ። ከግራ ፓራፋንጎ የወጣ ቅርፅ እስከ ዕለተ ምጽአት ግራ ነው የሚወልደው። ስለዚህ አንድ ቮልሱን በታትኖ የሚሠራ ወዳጄን የቀኙን ለመንኩት። የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን የሚታሰሩ ናቸው፤ ብሎኖቹ ከዝገት ጋር ካልተጋቡ በቁልፍ ተፈትተው ይመጣሉ። እንዲህ ዓይነት የተፈታ ዕቃ ለጀማሪ ስጦታ ነው።

ግቢያችን ሲሰማ ሁሉም የሚያውቀውን ይዞ መጣ። እዚህ ጋ ግቢያችንን ማስተዋወቅ አለብኝ። አከራያችን እትዬ ከፊት ለፊት ናቸው። ከጎን በደርግ ጊዜ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ሄደው የነበሩ ጡረተኛ ኢንጂነር አሉ። ከጀርባ ያለው ቤተሰብ አንድ ልጅ አለው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ሚና የሚጫወት ትንሽ ልጅ። ነሐሴ ስለነበር ለእንቁጣጣሽ የተገዛ አውራ ዶሮም በረንዳው እግር ላይ ታስሯል።

ኢንጂነሩ በአንድ ጊዜ ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሱ። «ላሜራ የሌለው መኪና አዲስ ነገር መስሎሃል?» አሉኝ። ትራባንትን ሊተርኩልኝ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ትራባንት አካሏ ከሶቪየት ኅብረት በሚመጣ የጥጥ ተረፈ ምርትና በፌኖል ረዚን ተጨምቆ የሚሠራ ነበር፤ ብረት የጠፋበት አገር የፈጠረው መላ። «መንግሥት ፈረሰ፣ ግንቡ ፈረሰ፣ ትራባንቷ ግን አልዛገችም» ይላሉ። ፋይበር ግላስ ግን ዘሩ ሌላ ነው፤ ስሙ እንደሚለው መስታወት ነው። በእ.ኤ.አ. 1932 ዴል ክላይስት የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ተመራማሪ የመስታወት ብሎኮችን እርስ በርስ ለማጣበቅ ሲሞክር የታመቀው አየር የቀለጠውን መስታወት ወደ ቀጫጭን ክር በተነው። ያን ክር ፖሊስተር ረዚን ስታጠጣው ክሩ ጉተታውን ይችላል፤ ረዚኑ ቅርፁን ይይዛል። በእ.ኤ.አ. 1953 ሼቭሮሌት ኮርቬትን አካሏን በፋይበር ግላስ ሠርቶ አወጣ፤ የመጀመሪያው ዓመት ምርት 300 መኪና ብቻ ነበር። እኔን የማረከኝ ግን ብሩስ ማየርስ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የፋይበር ግላስ ጀልባ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ በእ.ኤ.አ. 1964 የጀልባ ሙያውን ወደ መኪና አዙሮ ማየርስ ማንክስ የምትባለዋን የአሸዋ መኪና ሠራ። ሞተሩና እግሩ የማን ነው? የቮልስ። ይህን ሳነብ የዘመድ ግብዣ የደረሰኝ ያህል ተሰማኝ።

የእህቴ ልጅ ግን ፋይበር ግላስ ያረጀ ነገር ሆነበት። «ካርቦን ፋይበር ይሁንልን» አለ። በእ.ኤ.አ. 1981 ማክላረን ሙሉ የካርቦን ሻሲ ያላት የመጀመሪያዋን የፎርሙላ ዋን መኪና አመጣ፤ በዚያው ዓመት ሞንዛ ላይ ጆን ዋትሰን ተጋጭቶ መኪናው ለሁለት ሲከፈል እሱ በእግሩ ሄደ። ልጁ ይህን ቪዲዮ እየደጋገመ ያሳየኛል። ካርቦን እንደዚያ የሚሆነው ግን በቫክዩም ታፍኖ፣ በግፊትና በሙቀት ምድጃ ውስጥ ሲበስል ነው። እኛ ያለን ምድጃ የእንጀራ ነው። በመጨረሻ ካርቦን የሚመስል ስቲከር ገዝቶ ስልኩ ጀርባ ላይ ለጥፎ ዝም አለ።

ዕቃውን የገዛሁት ለቀራፂዎችና ለማስታወቂያ ሠሪዎች ከሚሸጥ ሱቅ ነው። ረዚኑ በጄሪካን ተቀዳ፤ ማት የሚባለው የመስታወት ክር ንጣፍ በኪሎ ተመዘነ፤ ማድረቁን የሚያፋጥነው ኮባልት በትንሽ ብልቃጥ፣ ሃርድነሩ ደግሞ በባዶ ሃይላንድ ተሰጠኝ። ሃርድነር ማለት ሜቲል ኢቲል ኪቶን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ስሙ ረጅም ነው፣ መልኩ ውሃ ነው። ሻጩ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነበር፤ ሂሳቡን ከመቀበሉ በፊት ዓይኔን እያየ ሁለት ነገር ተናገረ።

«ይሄ ዓይንህ ውስጥ ከገባ ዓይንህን እርሳው። ኮባልቱና ይሄ ብቻቸውን ከተገናኙ ደግሞ ቤትህን እርሳው።»

ሁለቱም ልክ ነው። ፐርኦክሳይዱ ዓይንን ያጠፋል፤ መነጽር ሳያደርጉ ክዳኑን መክፈት ድፍረት ሳይሆን ዕብደት ነው፤ ጠብ ካለም ሐኪም ጋ እስኪደረስ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። ኮባልቱ መጀመሪያ ረዚኑ ውስጥ ገብቶ በደንብ ይማሰላል፤ ሐምራዊ ይሆናል፤ ሃርድነሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚጨመረው። ሁለቱ በቀጥታ ከተገናኙ እሳት ናቸው። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሃይላንዱን ከእጄ ነጥቃ በወፍራም ማርከር «መርዝ» ብላ ጻፈችበት፤ የራስ ቅልም ሣለችበት፤ አላመነችምና ቁም ሳጥን ላይ በሳጥን ቆለፈችበት። ከዚያ ወዲህ ሃርድነር በፈለግኩ ቁጥር ቁልፍ የማወጣው ከእሷ ነው።

ቅርፅ ማውጣት የሚጀምረው በሰም ነው። የተዋስኩትን ፓራፋንጎ አጥቤ፣ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ሰም እየቀባሁ እወለውላለሁ፤ ይደርቃል፣ እንደገና እቀባለሁ። ቅርፁ ያየውን ሁሉ ይገለብጣል። የተዋስከው ዕቃ ላይ ያለች ጭረት ቅርፁ ላይ ትወጣለች፤ ከቅርፁ በሚወለደው ሁሉ ላይም ትወጣለች። ስለዚህ ከዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ድርሻ መወልወል ነው፤ ሰው ግን ስለ ረዚኑ ብቻ ነው የሚያወራው። እትዬ ወንበራቸውን አውጥተው ለረጅም ጊዜ ሲያዩኝ ቆዩና «ምን ታደርጋለህ ልጄ?» አሉኝ።

«እንዳይጣበቅ ነው እትዬ። ሰሙ ከሌለ አይለቅም።»

«ይሄማ ማሰስ ነው» አሉ። «ምጣዱ በጎመን ዘር ካልታሰሰ እንጀራው ይይዛል። አዲስ ምጣድ ሲሆን ደግሞ ደጋግመህ ነው የምታሟሸው። አንተ ደግሞ በጣም ታሳሳዋለህ፤ ጥግ ጥጉን አልነካኸውም።» ጎንበስ ብለው በነጠላቸው ጫፍ የብሎን ማሰሪያውን እጥፋት አሳዩኝ። ልክ ነበሩ፤ እጥፋቱ ውስጥ ሰም አልደረሰም። ስለ ፋይበር ግላስ ከሰማሁት ምክር ሁሉ በቀጥታ የሠራልኝ ይህ ነው።

ከሰሙ በላይ ፒቪኤ የሚባል ፈሳሽ ይቀባል፤ ደርቆ ቀጭን ላስቲክ ይሆናል፣ ኋላ በውሃ ይሟሟል። አንድ ነገር ቀረ፦ የጎማው ጠርዝ። የቮልስ ፓራፋንጎ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ረዚን እዚያ ጥቅል ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ቅርፁ ብረቱን ነክሶ ይቀራል። መፍትሔው ጥቅሉን በሚለጠፍ ነገር ሞልቶ ማለስለስ ነው። የኋለኛው ቤት ልጅ የሚጫወትበት ብርቱካናማ ፕላስቲሲን ነበረው፤ በአንድ ቸኮሌት ተደራደርንና ሰጠን። ዙሪያውን ሞላነው፤ በማንኪያ ጀርባ አለሰለስነው። ልጁ ቸኮሌቱን እየበላ ንብረቱ ወዴት እንደሄደ በደንብ ሲያይ ነበር።

ጄልኮቱ ገባ። ይህ የላይኛው ቆዳ ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል መወፈር አለበት። ከዚያ በጣም ከሳሳ፣ ወይም በደንብ ሳይይዝ በላዩ ከተሠራበት፣ ይጨማደዳል፤ ሙያተኞቹ የአዞ ቆዳ ይሉታል። በጣት ሲነኩት የሚይዝ ግን ጣት ላይ የማይቀር ሲሆን ነው ማቱ የሚነጠፈው። አውራ ዶሮው ደግሞ ጄልኮቱ ሊገባ ሲል ክንፉን አራግፎ ነበር። የላባውን ነገር ያየነው በኋላ ነው።

ማቱ 450 ግራም ነው፤ በካሬ ሜትር ማለት ነው። በክብደት ለአንድ እጅ ማት ሁለት ተኩል እጅ ያህል ረዚን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የኩሽናውን ሚዛን ከባለቤቴ ለመንኩ፤ በፕላስቲክ ጠቅልዬ እንደምመልስ ማልኩ። ማቱ ነጭ ነው፤ ረዚን ሲጠጣ ብርሃን አሳላፊ ይሆናል፣ ከሥሩ ያለው ቀለም ይታያል። ነጭ የቀረ ቦታ ካለ አየር አለ፤ ብሩሹን እያስቀመጥክና እያነሳህ ትወጋዋለህ እንጂ አትቀባም፤ ከቀባኸው ክሩ ተነስቶ ጓንትህ ላይ ይመጣል። የመጀመሪያው ንጣፍ እያማረ ነበር። ለሁለተኛው ንጣፍ አንድ ሊትር ያህል ረዚን በጆግ በጠበጥኩ፤ ቀኑ ቀዝቃዛ ስለነበር ሃርድነሩን ወደ 2 በመቶ አስጠጋሁት።

«ቡና ፈልቷል! ኑ እንጂ!»

እትዬ ናቸው። የአከራይ ቡና እምቢ አይባልም። ለዚያውም የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ። «አቦሉን ብቻ» ብዬ ጓንቴን አወለቅኩ፤ የእህቴ ልጅ ጆጉን እንዲጠብቅ ተነገረው፤ እሱም ቆሎ ሲያይ ተከተለኝ። በኢትዮጵያ ቡና አቦልን ብቻ ጠጥቶ መነሳት የሚባል ነገር የለም፤ ሁለተኛው ቶና ነው፣ ሦስተኛው በረካ ነው፣ በረካን የተወ በረከት አጣ። ረዚን በሰፊ ትሪ ላይ ቢሆን ሙቀቱ ይበተን ነበር። ጠባብና ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ግን ራሱን በራሱ ያሞቃል፤ በሞቀ ቁጥር ይፈጥናል፣ በፈጠነ ቁጥር ይሞቃል። ቶናው እየተቀዳ ኢንጂነሩ ከበረንዳቸው «ፎየር! ፎየር!» ብለው በጀርመንኛ ጮኹ።

እሳት አልነበረም፤ ገና ነበር። ከጆጉ አፍ ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ውስጡ ያለው ረዚን ቢጫ ሆኖ ቋ፣ ቋ እያለ ይሰነጠቃል፤ የጆጉ ጎን ለስልሶ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። ዶሮው ገመዱን እስኪበጥስ ይዘላል። የእህቴ ልጅ ጆጉን በጆንያ ጠቅልሎ ዝናቡ ውስጥ ወረወረው። ሲቀዘቅዝ የጆግ ቅርፅ ያለው፣ ብሩሽ የተሰካበት ድንጋይ ሆነ፤ እስካሁን የበር ማስደገፊያችን ነው። እትዬ በረካውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው «ቡናዬን ጥላችሁ ለዚህ ነው?» አሉ።

የቀረውን ንጣፍ ያነጠፍነው ሲመሽ ነው፤ የነሐሴ ምሽት በአዲስ አበባ ከ15 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ረዚን ደግሞ ከዚያ በታች ይለግማል። ቀጠሮ አክባሪው ቅዝቃዜ ሲያገኘው እንደኛ ሆነ ማለት ነው። ዝናቡን ፈርተን ወደ ሰርቪስ ቤቱ አስገባነው። ሽታው ወጣ። ጥፍር የሚሠራበት ቤት ደጃፍ ያለፈ ሰው ይህን ዓይነት ሽታ ያውቀዋል፤ እኛ ዘንድ ግን ጓዳ፣ አልጋ፣ ሽሮ ውስጥ ሳይቀር ገባ። ሽታው የስታይሪን ነው፤ ረዚኑ የሚሟሟበት ፈሳሽ። ተኑ ከ31 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ በእሳት ይያያዛል። ይህን እያሰብኩ መስኮት ልከፍት ስሄድ እትዬ በጨለማው ውስጥ መጡ፤ በእጃቸው የዕጣን ማጨሻ፣ ከላዩ የጋመ ከሰል፣ ዕጣኑ ይጨሳል።

«ይህን ሽታ ላባርርላችሁ» አሉ፤ ወደ ሰርቪስ ቤቱ አንድ እርምጃ ቀርቷቸዋል።

ማጨሻውን ከእጃቸው ነጥቄ ዝናቡ ውስጥ ሮጥኩ። ጣቴ ተቃጠለ፤ ከሰሉ ጭቃ ላይ ሲወድቅ ጮኸ። ስመለስ እትዬ ካሉበት አልተንቀሳቀሱም። በቀስታ አማተቡና ለባለቤቴ እንጂ ለእኔ አልነበረም የተናገሩት፦ «ልጄ፣ ዕጣን የሚሸሽ ሰው ደህና አይደለም። ጠበል ውሰጂው።» ስለ ስታይሪን ላስረዳ ሞከርኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ይበልጥ አማተቡ።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች፤ ቅርፁን ግቢ መሀል አስቀመጥነው፤ ሳይውል ሳያድር ደረቀ። ጠርዙን በግራይንደር ስቆርጥ ያላየሁት ነገር የልብስ ማድረቂያውን ገመድ ነው። የመስታወት ብናኝ አይታይም፤ ፀሐይ ሲመታው ብቻ ትንሽ ያብረቀርቃል። እትዬ ለእሑድ ቅዳሴ ያጠቡት ነጠላ ገመዱ ላይ ነበር። ቅዳሴው ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ቆመው ነው የሚያስቀድሱት። ምን እንደተሰማቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አንገታቸውን አይቼ ገባኝ። የእኔ ክንድ ደግሞ በእሾህ የተወጋጋ መስሏል፤ መላው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ሳይፈትጉ ማፍሰስ ነው፤ በሙቅ ውሃ ያሸ ሰው ክሩን ራሱ ያስገባዋል። በነጠላው ምትክ አዲስ ነጠላ ገዛሁላቸው። ከዚያ በኋላ የቆረጥኩት ሁሉ ውሃ እየተረጨበት፣ ማስክ ተደርጎ፣ ገመዱ ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ ነው።

መፈልቀቂያው ቀን ግቢው ሁሉ ተሰበሰበ። የእንጨት ሽብልቅ አስገባን፤ በጎማ መዶሻ ቀስ ብለን መታን፤ ፒቪኤው እንዲሟሟ ከጄሪካን ውሃ አፈሰስንበት። ከላይ ክፍት አለ፤ አየር ሲገባ የሚሰማው ድምፅ ደስ ይላል። ከኋላ ለቀቀ። ከታች፣ ከጎማው ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ግን ንክች አላለም። ኢንጂነሩ ባትሪ አብርተው ጎንበስ አሉ። «እዚህ ጋ ፕላስቲሲን የለም» አሉ። ሁላችንም ዞረን ልጁን አየነው። በደረቱ ላይ የያዛት ብርቱካናማ ድብልብል ኳስ ከሰጠን ላይ ቆንጥሮ የወሰዳት ነበረች። ቸኮሌቱ ለሙሉው አልነበረም ለካ።

ያችን ቦታ በብረት መጋዝ መቁረጥ ግድ ሆነ። ወዳጄ ዘንድ ስለ ፓራፋንጎው ጠርዝ የተደረገው ውይይት እዚህ አይገባም። ቅርፁ ግን ወጣ። ተገልብጦ ሲታይ ውስጡ ያብለጨልጫል፤ ከመሀሉ ግን አንዲት ላባ አለች፤ እያንዳንዱ ክር ተለይቶ ይታያል። ፒቪኤው ላይ አርፋ ጄልኮቱ ከበላይዋ ገብቷል። ነቅዬ አወጣኋት፤ ጎድጓዳ ምልክቷ ቀረ። በስቱኮ ልሞላው ስል የእህቴ ልጅ እጄን ያዘ፦ «ጋሼ፣ ተወው። አርማችን ይሁን።» ስለዚህ ከእኛ ግቢ የሚወጣ ፓራፋንጎ ሁሉ ቀለም ሲቀባ በጎን ብርሃን የሚታይ ላባ አለው።

የመጀመሪያው ፓራፋንጎ ከቅርፁ ሲወጣ በአንድ እጄ አነሳሁት። ሦስት ንጣፍ ነው፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል። የብሎን ቀዳዳዎቹን በስተን ስንገጥም አንዳንዱ በግማሽ ብሎን ስቷል፤ ፖሊስተር ሲደርቅ ስለሚኮማተር ቀዳዳዎቹን ሞላላ አድርገን አሰፋናቸው። ዳዶው ሥር ሰፊ ሮንዴላ ገባ፤ ያለዚያ ብሎኑ ፋይበሩን ይሰነጥቀዋል። ገጠመ። ኢንጂነሩ አጨበጨቡ። መብራቱን ለኮስኩ፤ የግራው በራ፣ የቀኙ አልበራም። አምፖል ቀየርን፣ ሽቦ ፈተሽን፣ ፊውዝ አየን። ሠፈር ያለው የመኪና ኤሌትሪሺያን መጥቶ ሞካሪውን እዚህም እዚያም ነክቶ ግራ ገባው። ላሜራ ሠሪው ነው ሲያልፍ ቆሞ በጣቱ ያንኳኳው።

«ማሳው ከየት መጥቶለት ይብራ?»

የቮልስ የኋላ መብራት ማሳውን፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን መመለሻ፣ የሚያገኘው በተቀመጠበት በፓራፋንጎው ብረት በኩል ነው። እኛ ደግሞ ብረቱን አስወግደን መስታወት ላይ አስቀምጠነዋል። አንዲት አጭር ሽቦ ከመብራቱ እስከ ሻሲው ተሳበች፤ በራ። ላሜራ ሠሪው ዙሪያውን ዞሮ ፓራፋንጎውን በመዳፉ ዳበሰው። ላባዋ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ምንም አላለም። ሊሄድ ሲል ግን «ሁለት ደንበኛ አለኝ፤ ሁለቱም የቀኙን ነው የሚፈልጉት። ስንት ትላለህ?» አለኝ።

ከዚህ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ትዕዛዝ አመጣ። የእህቴ ልጅ ኮፈን እንሥራ ይላል፤ ኢንጂነሩ ሙሉ ትራባንት ያልማሉ። እትዬ ግን የዕጣኑን ነገር ሳይረሱ አንድ ቀን ቅርፁን ሲመለከቱ ቆዩና አክንባሎ እንድሠራላቸው ጠየቁ። «ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ክብ ነው። ከዚህ አይከብድህም።» ብዙው ፖሊስተር ረዚን 100 ዲግሪ ሳይሞላ መለስለስ እንደሚጀምር፣ የምጣድ ሙቀት ከዚያ እጥፍ እንደሚያልፍ፣ እንጀራው ስታይሪን ስታይሪን እንደሚል አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እንግዲህ እሳት አይችልም፣ ዕጣን አይወድም፣ ቡና አያስጠጣም» አሉ። «ለቆሻሻ በርሜሉ ክዳን ሥራልኝ። ቀለሙ ግን ከመኪናህ የተሻለ ይሁን።»